ባዶና ዜሮ፤ ስለ ሐኪም ቤት መዝገብ ምሉእነት

መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዲቱ ብትጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን ሊፈልግ መሄዱን የሚተርከው የወንጌል ምሳሌ በየቤቱ የታወቀ ነው። ምሳሌው በተነገረ ቍጥር የሚመሰገነው የእረኛው ርኅራኄ ነው፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። ነገር ግን ከርኅራኄው የቀደመ አንድ ሌላ ሥራ አለ። እረኛው በጎቹ መቶ መሆናቸውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ቢቈጥራቸው አንዲቱ መጕደሏን ለመረዳት ቻለ። መቶ መሆናቸውን ባያውቅ ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን አይቶ መንጋው ደኅና መስሎት በሰላም በተኛ ነበር፤ የጠፋችውም በግ በዱር በቀረች ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ቈጠራ ነው። በአሁኑ ዘመን አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ ጤና ጣቢያ ሥራውን በሚገባ መፈጸሙ የሚታወቀው በቍጥር እየተለካ ነው። ስንት እናቶች ገብተው ወለዱ፣ ከእነዚህስ ስንቶቹ በሰላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ስንት ሕፃናት ክትባታቸውን ጨረሱ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች የስንቱ ቍስል አመረቀዘ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ በአኃዝ ተጽፎ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላካል። በዚሁ አኃዝ መሠረት አንዱ ይመሰገናል፣ ሌላው ይወቀሳል፤ መድኃኒትና ሠራተኛም ይመደባል። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ነገር፣ ሊመዘን የሚገባው ሁሉ በሚዛኑ ላይ ወጥቷልን? የሚለው ነው። ምሉእ ማለት ያልጐደለ፣ የሞላ ማለት ሲሆን፣ ይህ ጥያቄ የመዝገብ ምሉእነት ጥያቄ ይባላል።

ነገሩን ለማስረዳት ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። ካርቱም በአንድ ወገን መልካም የመዝገብ ልማድ የነበራት፣ በሌላ ወገን ደግሞ መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በመራራ ሁኔታ ያየች ከተማ ናትና።

ካርቱምና የመዝገብ ልማዷ

ከአገራችን የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በዚህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. አንድሩ ባልፎር የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም መጥቶ ሥራ ጀመረ። የመጣውም ሄንሪ ዌልካም የተባለው የመድኃኒት ነጋዴ በሰጠው ገንዘብ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የተቋቋመውን የምርምር ቤት ለመምራት ነበር። ባልፎር የከተማዪቱም የጤና ሹም ስለ ነበር፣ ወባን ለማጥፋት የትንኝ ጓዶችን አደራጀ። የእነዚህ ሠራተኞች ተግባር በከተማው ያለውን የውሃ ጕድጓድና ኵሬ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውንም ሁሉ እየዞሩ መመልከትና የትንኝ እጭ የተገኘበትን መጻፍ ነበር። ኋላም በወንዙ የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ትንኝ ይዘው እንደሚመጡ ስለ ታወቀ፣ መርከቦቹም እንዲመረመሩ ተደረገ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ጥበብ አንባቢ ልብ ይበል። ትንኝ ከአንድ ያልታየ ጕድጓድ ወጥታ ብዙ ቤቶችን ልትበክል ትችላለች። ስለዚህ ከመቶ ጕድጓድ ዘጠናው ንጹሕ ነው ማለት ብቻውን ሰውን አያሳርፍም፤ የቀሩት ዐሥሩ ታይተዋል ወይስ አልታዩም ተብሎ መጠየቅ አለበት። በመርከብ ላይ ያለው የውሃ በርሜል በከተማው ዝርዝር ውስጥ ባለመኖሩ ብቻ ንጹሕ ሊባል አይችልም።

ከዚያም ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ሜብል ዎልፍ በተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ መሪነት በኦምዱርማን የአዋላጆች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ሴቶች ስለ ነበሩ፣ መድኃኒቶቹን በመልካቸውና በሽታቸው እንዲለዩ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን የሕክምና አገልግሎት መሥሪያ ቤትና የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተቋቋሙ። ይህም ትምህርት ቤት ኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ለመሆን በቅቷል።

ሦስቱ የምሉእነት ጥያቄዎች

የመዝገብን ምሉእነት የሚመረምር ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቃል።

አንደኛው፣ ሪፖርት ማቅረብ የሚገባቸው ሁሉ አቅርበዋልን? የሚለው ነው። በአንድ አውራጃ ውስጥ 40 ጤና ጣቢያዎች አሉ እንበል። ባለፈው ወር ሁሉም ሪፖርት አቅርበው 2,000 የወባ ሕመምተኞች ተቈጠሩ። በዚህ ወር ግን ሪፖርታቸውን የላኩት 32 ብቻ ሲሆኑ፣ ድምሩ 1,600 ሆነ። ችኩል የሆነ ጸሐፊ ወባ ከመቶ 20 እጅ ቀነሰ ብሎ ደስ የሚያሰኝ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ሆኖም ባለፈው ወር ለእያንዳንዱ ጣቢያ የደረሰው 50 ሕመምተኛ ነበር፤ በዚህም ወር ለላኩት ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ያው 50 ነው። የቀነሰው ሪፖርቱ እንጂ ወባው አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በመጣው መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ዐምድ ተሞልቷልን? የሚለው ነው። የሕመምተኛው ስም ተጽፎ ዕድሜው ካልተጻፈ፣ የነፍሰ ጡሯ ስም ተጽፎ የደም ግፊቷ ካልተጻፈ፣ የታማሚው መግቢያ ቀን ተጽፎ መጨረሻው ካልታወቀ፣ መስመሩ ያለ ይመስላል እንጂ ግማሽ አካሉ የለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ በመዝገቡ ውስጥ መገኘት የሚገባው ሰው ሁሉ ተገኝቷልን? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መዝገቡ ራሱ መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ የቀረውን ሰው አያውቀውምና። ስለዚህ ከውጭ ምስክር ያስፈልጋል። በሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት ቤቱና የማዋለጃው ክፍል የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ተቈጣጣሪው ከላቦራቶሪው መዝገብ 30 ስሞች ያለ ምርጫ አውጥቶ በዋናው መዝገብ ውስጥ ይፈልጋቸው። 24 ብቻ ቢያገኝ ከአምስቱ አንዱ እንደሚቀር ይረዳል። ይህን ለማድረግ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ክቡ፣ ነጥቡና ክፍቱ ቦታ

ይህ ጸሐፊ ከጦርነቱ አስቀድሞ በካርቱም በነበረበት ጊዜ፣ ያገራችን ሰዎች ከሚታከሙባቸው ትንንሽ ክሊኒኮች በአንዱ ውስጥ ስንት የሐበሻ ሕፃናት በተቅማጥ እንደ ታከሙ በየወሩ ለይቶ በአማርኛ እንዲገለብጥ ተጠይቆ ነበር። መዝገቡ የተጻፈው በዐረብኛ አኃዝ ነው። በአንድ ወር ፊት ለፊት ትንሽ ክብ አየሁና ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። በሌላው ወር ፊት አንዲት ነጥብ አገኘሁና የቀለም ጠብታ ናት ብዬ አለፍኋት። በሦስተኛው ወር ምንም አልነበረም፤ እርሱንም ዜሮ አልሁት።

መዝገቡን የሚጠብቁት ሽማግሌ የጻፍሁትን አይተው በትዕግሥት ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ ክብ አምስት ነው። ዜሮ ማለት ይቺ ነጥብ ናት» አሉኝ።

እኔም አፍሬ፣ «አባቴ፣ ምንም ያልተጻፈበትስ ወር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እርሱማ እኔ ታምሜ የቀረሁበት ወር ነው። ያን ወር ስንት ልጅ እንደ መጣ እግዜር ብቻ ያውቃል» ሲሉ መለሱልኝ።

የእኔ ስሕተት ከአኃዝ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አልነበረም። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በትግርኛ ባዶ ማለት ዜሮ ማለት ነው፤ ስንቈጥርም «ባዶ፣ ሓደ፣ ክልተ» እያልን ነው። በአማርኛ ግን ባዶ ማለት ምንም የሌለበት፣ ያልተሞላ ማለት ነው። አማርኛ የሚማር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ልዩነት ቢይዝ ለቋንቋውም ለሥራውም ይጠቅመዋል። በመዝገብ ላይ ዜሮ ማለት «ቈጥሬ ምንም አላገኘሁም» ማለት ሲሆን፣ ባዶ ማለት ግን «አልቈጠርሁም» ማለት ነው። ዜሮ ዕውቀት ነው፤ ባዶ ግን አለማወቅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚደምር ሰው፣ ያልታየውን ጕድጓድ ንጹሕ ነው ብሎ እንደሚጽፍ የትንኝ ተቈጣጣሪ ይሆናል።

የሁለቱ ሆስፒታሎች ነገር

ባዶው ቦታ የሚያመጣውን ጕዳት በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ሆስፒታሎች እኩል 1,000፣ 1,000 እናቶች ወለዱ እንበል። የመጀመሪያው ሆስፒታል የሁሉንም መጨረሻ ተከታትሎ የ10 እናቶችን ሞት ጻፈ። ሁለተኛው የጻፈው የ4 እናቶችን ሞት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የ300 እናቶች መጨረሻ በመዝገቡ አልተሞላም። ሁለቱ ሪፖርቶች ጐን ለጐን ቢቀመጡ፣ 4 ከ10 ያንሳልና ሁለተኛው ሊመሰገን ነው። እንግዲህ ከ300ዎቹ መካከል 9 እናቶች ሞተው ቢሆን የሞቱት 13 ይሆናሉ፤ የተመሰገነውም ከተወቀሰው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ባዶው ቦታ በዕድል የሚወድቅ አይደለም። መጨረሻዋ ያልተጻፈው እናት ብዙውን ጊዜ በሌሊት በጭንቅ የመጣችው፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል በጥድፊያ የተላከችው ወይም ዘመዶቿ ተስፋ ቈርጠው ወደ ቤቷ የወሰዷት ናት። በሰላም የወለደች እናት ገጽ በረጋ መንፈስ ይሞላል፤ ደም እየፈሰሳት የመጣች እናት ገጽ ግን ሐኪሙም አስታማሚውም ሕይወቷን ለማዳን ሲሯሯጡ ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጐድለው ነገር ነው። እውነተኛ ሪፖርት የሚሆነው፣ «መጨረሻቸው ከታወቀ 700 እናቶች 4 ሞተዋል፤ የ300ው አልታወቀም» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በእስኩታሪ ወደ ነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ፣ የወታደሮች ሞት የሚጻፍባቸው ልዩ ልዩ መዝገቦች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው አገኘቻቸው። በኋላም ስለ ሆስፒታሎች በጻፈችው መጽሐፍ፣ የማይድኑትን ሕመምተኞች አስቀድሞ የሚያሰናብት ሆስፒታል የሞት ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ እንደሚችል አስገንዝባለች። የሞተው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ስለ ሞተ ብቻ ሆስፒታሉ የተሻለ አይሆንም።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ የተጀመረው በዋና ከተማዪቱ መካከል ስለ ነበር፣ መጀመሪያ ከተመቱት ነገሮች አንዱ የጤና አገልግሎቱ ነበር። በዚያው ወር የብሔራዊው የጤና ላቦራቶሪ በተዋጊዎች እጅ መውደቁን፣ በውስጡም የኩፍኝ፣ የኮሌራና የፖሊዮ ናሙናዎች መኖራቸውን የዓለም ጤና ድርጅት በሥጋት አስታወቀ። ሐኪሞች ተሰደዱ፤ መብራት ጠፋ፤ መድኃኒት አለቀ። ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ። ጥቂቶች ግን፣ በኦምዱርማን እንዳለው እንደ አል ናኦ ያሉት፣ ጥይትና መድፍ እየወረደባቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ጊዜ መዝገብ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስብ። በተዘጋው ሆስፒታል የሞት መዝገብ ላይ ምንም አይጻፍም። በተከፈተው ሆስፒታል ግን መዝገቡ በሙታን ስም ይሞላል። ምንም የማያውቅ ተመልካች ሁለቱን መዝገቦች ቢያወዳድር፣ በሩን ዘግቶ የሄደውን ደኅና፣ በእሳት መካከል ቁስለኛ የተቀበለውን ደግሞ የከፋ አድርጎ ሊፈርድ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ግፍ የሆነ ሚዛን የለም።

ወደ መቃብር ስፍራ መሄድ ስለማይቻል፣ የካርቱም ሰዎች ሙታናቸውን በየግቢያቸው፣ በየመንገዱ ዳርና በየሜዳው ቀበሩ። ሠራዊቱ ከተማዪቱን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ በኋላ ባለሥልጣኖች ዐፅሞቹን ከየግቢው እያወጡ ወደ መቃብር ስፍራ ማዛወር ጀመሩ። ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ መዝገብ በግቢ ዛፍ ሥር የተቀበረ ሰው፣ ለቤተሰቡ ሞቷል፤ ለመንግሥት መዝገብ ግን አልሞተም።

በዝርዝሮች መካከል የጠፋውን መፈለግ

እንግዲህ ያልተጻፈውን ሞት እንዴት መቍጠር ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግል አንድ የቈየ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ቻንድራ ሴካርና ዴሚንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በሕንድ አገር በካልካታ አቅራቢያ ያለው የልደትና የሞት መዝገብ ምን ያህል እንደሚጐድለው ለማወቅ ይህንኑ ዘዴ በጽሑፍ አስረዱ። ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

በአንድ ከተማ የሞቱትን ሰዎች ስም ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ሰበሰቡ እንበል። የመጀመሪያው 200 ስሞች፣ ሁለተኛው 150 ስሞች አገኙ። ዝርዝሮቹ ሲተያዩ 60 ስሞች በሁለቱም ላይ ተገኙ። ሁለተኛው ካገኛቸው 150 ሰዎች መካከል የመጀመሪያው የያዘው 60ውን፣ ማለትም ከመቶ 40 እጅ ብቻ ነው። እንግዲያውስ ከጠቅላላው ሙታን የያዘው ከመቶ 40 እጅ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። 200 የ500 ከመቶ 40 እጅ ስለሆነ፣ ጠቅላላው 500 ያህል ይሆናል። በሁለቱ ዝርዝሮች ላይ ያሉት ልዩ ልዩ ስሞች ግን 290 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 210 ሰዎች በማንም ዝርዝር ሳይጻፉ ሞተዋል ማለት ነው።

ዘዴው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱም ዝርዝሮች የሚሰበስቡት ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ዓይነት ሰዎች ከሆነ፣ ተመሳሳይ ስሞች ይበዛሉ፤ ግምቱም ከእውነቱ ያንሳል። የአንድ ሰው ስም በሁለት ዓይነት ከተጻፈ ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት ይመስላል፤ ግምቱም ይበዛል። ስለዚህ ከሁለት ይልቅ ሦስት ዝርዝር ማግኘት ይሻላል።

የሱዳን ተወላጆች ያሉባቸው የለንደን የጤና አጠባበቅና የቆላ በሽታዎች ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በካርቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ዝርዝር በኢንተርኔት ለሕዝብ ባቀረቡት ጥያቄ፣ ሁለተኛውን በየማኅበረሰቡ በሚታመኑ ሰዎች አማካይነት፣ ሦስተኛውን ቤተሰቦች በማኅበራዊ መገናኛ ካወጡት የኀዘን ማስታወቂያ ሰበሰቡ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ፣ ማለትም በ14 ወራት ያህል ውስጥ፣ በካርቱም ክፍለ ግዛት በልዩ ልዩ ምክንያት የሞቱት ሰዎች ከ61,000 በላይ እንደሚሆኑ ገመቱ። ከእነዚህም 26,000 ያህሉ የሞቱት በጥቃት ነው። በዚያው ጊዜ የጦርነት ዜና እየሰበሰበ የሚመዘግበው ድርጅት በመላው ሱዳን በጥቃት የሞቱ ብሎ የመዘገበው ወደ 20,000 የሚጠጋ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት በካርቱም ከደረሰው ሞት ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው ሳይመዘገብ ቀርቷል።

እዚህ ላይ የሚያስተክዘው ነገር ሌላም ነው። ከ61,000 ላይ 26,000 ሲነሣ የቀረው በጥይት የሞተ አይደለም። በሰላሙ ጊዜ ሊታከም የሚችል የስኳር፣ የኵላሊት፣ የወሊድና የተስቦ ሕመምተኛ በዚህ ውስጥ አለ። በጥይት የሞተው ሰው ዜናው በአንድ ቀን ይሰማል፤ ኢንሱሊን አጥታ ቀስ በቀስ የሞተች አሮጊት ግን ዜና አትሆንም። መዝገብ ካልያዛት የሚይዛት የለም።

የስደተኛ ስም

በካርቱም ውስጥ በደይምና በጀሪፍ፣ በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ ያገራችንና የኤርትራ ሰዎች ለረጅም ዘመን ኖረዋል። የእነዚህ ወገኖቻችን ስም በመዝገብ ላይ የሚደርስበት ነገር ለዚህ ጽሑፍ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

በእኛ ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። በሱዳን ግን ወረቀት ሲሞላ የራስ፣ የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ስም አራቱም ይጠየቃሉ። አንዱ ጸሐፊ ሁለቱን፣ ሌላው አራቱንም ይጽፋል። በዐረብኛ ፊደል ደግሞ ጰ፣ ጨ፣ ጸ የሚሉት ድምፆች እንዳሉ ስለማይገኙ፣ ጸሐይ የምትባል ሴት በአንዱ መዝገብ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ፊደል ትጻፋለች። ዕድሜዋንም በኢትዮጵያ አቈጣጠር የልደት ዓመት ተናግራ ጸሐፊው እንዳለ ከጻፈው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። በአንዱ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ስደተኛ ሰፈር ለውጦ በሌላው ክሊኒክ ቢቀጥል፣ የመጀመሪያው «ጠፍቷል» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ አዲስ ሕመምተኛ ይቈጥረዋል። አንድ ሰው ሁለት ሆነ፤ ከሁለቱም አንዱ ጠፋ ተባለ። የተከተበው ሕፃን እንዳልተከተበ፣ ያልተከተበውም እንደ ተከተበ ሊቈጠር ይችላል።

በአገራችንስ

ይህ ችግር የሌላ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ከሚሞቱት 10 ሰዎች የ4ቱ ሞት እንደማይመዘገብ፣ በድርጅቱ የአፍሪካ ክልል ደግሞ የሚመዘገበው ከ10 የ1ዱ ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። በኢትዮጵያ የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍች ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሕግ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የእናቶችን ሞት እየተከታተሉ ምክንያቱን የሚመረምሩበት ሥርዓት ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህም ሥርዓት ሪፖርት የተደረገው ሞት በጥናት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ይህ የሆነው እናቶች መሞታቸውን ስላቆሙ አልነበረም፤ በቤትና በመንገድ የሞቱት ወደ መዝገቡ ስላልደረሱ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄዳቸው ይህን ጕድለት ለመሙላት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ያልደረሰውን ሰው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

የሹም ጥያቄና የቤተሰብ ድርሻ

ሪፖርት የሚቀበል ባለሥልጣን አኃዙን አይቶ ከመደሰቱ ወይም ከመቈጣቱ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ይህ ድምር ከስንት ጣቢያዎች የመጣ ነው፤ ስንቱስ ቀሩ? የቀሩት የትኞቹ ናቸው፤ ሩቅና ድኻ የሆኑት ናቸውን? ባዶ የቀረው ቦታ ስንት ነው፤ እንደ ዜሮ ተደምሮ ይሆንን? ከሌላ መዝገብ ጋር የተመሳከረው መቼ ነው? ቍጥሩ በድንገት የቀነሰው በሽታው ቀንሶ ነው ወይስ ጸሐፊው ታሞ ነው?

ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ብዙ ሞት የጻፈ ሐኪም ቤት ሁሉ የሚቀጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀንሰው ሞቱ ሳይሆን ጽሕፈቱ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሹም ጕድለቱን በግልጽ የጻፈውን ያመሰግናል፤ ምንም ጕድለት የሌለበት ሪፖርት ሲደርሰው ግን ተነሥቶ መዝገቡን ለማየት ይሄዳል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። የሕፃኑን የክትባት ካርድ በንጹሕ ቦታ መጠበቅ፣ ወደ ማንኛውም ሐኪም ቤት ሲሄዱ ይዞ መሄድ፣ ስምን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ማስጻፍ፣ ክሊኒክ ሲለውጡ የመጀመሪያውን ማስታወቅ፣ በቤት የተወለደውን ሕፃንና በቤት ያረፈውን ዘመድ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በኀዘን ቀን ወደ መዝገብ ቤት መሄድ የሚከብድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት መሞቷ ከተጻፈ፣ ለምን ሞተች ተብሎ ይጠየቃል፤ ምናልባትም በዚያ ጥያቄ ምክንያት ለጤና ጣቢያው የደም ማቈሚያ መድኃኒት ይላክለትና የጎረቤቷ ልጅ ትድናለች። ካልተጻፈ ግን የሚጠይቅ የለም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኮሌራ በካርቱም በተዛመተ ጊዜ የክትባት ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ከመቶ ስንት እጅ ሰው እንደ ተከተበ ለማወቅ ግን በከተማው ያለው ሰው ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሱዳን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቈጠረችው እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው፣ የተሰደደው፣ የሞተውና የተመለሰው ብዙ ነው። እንግዲህ የዚያች ከተማ የጤና ሠራተኞች፣ መንጋው ስንት እንደሆነ ሳይነገረው የጠፋችውን በግ እንዲፈልግ እንደ ታዘዘ እረኛ ሆነዋል። እኛ ግን በሰላም ባለንበት ቦታ ሁሉ የመንጋችንን ቍጥር ማወቅ እንችላለን። ማታ መዝገቡን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ጊዜ ቈጥረን፣ ባዶውን ባዶ፣ ዜሮውንም ዜሮ ብለን እንጻፍ።